ምራቂ

ቤቱን ስንከራይ ለስድስት ቀን ያህል፣
"ዕቃው ሙሉ ነው" አለ ደላላው በመሐል።
ማንኪያው ሦስት ነበር፣ እኛ ደግሞ አራት፤
በየተራ አንዳችን ጭልፋ ያዝን ለራት።

ዕቅዱ የኔ ነው። እኔው ደብተር ገዝቼ፣
መዋጮ ሰብስቤ፣ በስም በስም ከፍቼ፣
"ሆቴል ቤት አንገባም፤ ራሳችን እንሠራለን፣
ከምግቡ በተረፈው አንድ ቀን እናድራለን"
ያልሁት እኔው ነኝ። ገንዘብ ያዥ ነኝና
አምስት ሳንቲም ሲጎድል እንቅልፍ የለኝምና።

የኩሽናውን ቁም ሣጥን ስከፍተው ማታ
አንድ ሰው ነበረበት፣ ያለ ሰላምታ፦
ሩብ ጠርሙስ ዘይት፣ ግማሽ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣
ጨው በቢራ ብርጭቆ፣ በክብሪት ቤት ሦስት እንጨት።
ዙበይዳ ሸሸችው፤ "ማን ያውቃል የማን ነው?"
ትንቢት ግን ቀመሰችው። "ጨው ነው እንግዲህ፤ ጨው ነው።"

ሐሙስ ሒርማታ ወረድን፣ ዝናቡን ቀድመን፣
ዙበይዳ በኦሮምኛ፣ እኛ በጣት ጠቁመን።
ቃሪያው በመደብ ነው፣ ቲማቲሙ በሳህን፣
አቮካዶው እንደ ሕፃን ራስ ሞላው እጃችን።
ከጆንያው አፍ ድንገት ኮረሪማ ሸተተ፤
ወርቅነህ ከፈለና ዕቅዴ መሥመር ሳተ።

አዴ ነጂማ ሽንኩርቱን ሚዛን ላይ ጭና፣
ሁለቱ ወገን ሲተካከል፣ እንደገና
ከክምሩ ሦስት ራስ ጨመረች ሳትለካ።
"ይሄስ ስንት ነው?" አልሁ እስክሪብቶዬን ስነካ።
ሳቀች። ዙበይዳ ዞራ ተረጎመችልኝ፦
"‹ይሄማ ምራቂ ነው፤ አይጻፍም› ትላለች፣ ‹ተይኝ›።"
ሁለት ነው የደብተሬ ዓምድ፣ ገቢና ወጪ፤
ሦስቱ ሽንኩርት ግን ከሁለቱም ውጪ።

ሥጋው ላይ ተለያየን። ወርቅነህ ወደ መስቀሉ፣
ዙበይዳ ወደ ጨረቃው፣ በር ላይ እንደተሣሉ።
መንገድ መሐል ቆመው ተያዩና ሳቁ፤
ድስቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱም አወቁ።
ዕንቁላል ገዛን ለዛሬ፤ ለነገ ሽሮ፣
ትንቢት ዓርብን አትገድፍም፣ ሰማይ ቢወርድ ዞሮ።

ዓርብ ማታ። ሽሮው ገና ሊንተከተክ ሲያስብ
መብራት ሄደ። ምድጃው ቀዘቀዘ። ዝናብ።
የጅማ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ሲያወራ
ሰው ለሰው አይሰማም፣ በጆሮ ካልተጣራ።
ከሦስቱ ክብሪት አንዱን ጫርሁ፤ እርጥብ ነው፣ ጠፋ።
ሁለተኛው በራ፤ ፊታችንን አየን፣ የከፋ።
ሦስተኛውን ተውነው። "ተነሡ፣ እንውጣ!"
ያልሁት እኔው ነኝ፤ ረሃብ ሕግ አወጣ።

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ በሻማ፣ አንዲት ምግብ ቤት።
አስተናጋጁ ልጅ ዝርዝሩን ወረደበት፤
ቅቅል፣ ጥብስ፣ ዱለት፣ ዓሣ ጉላሽ፣ ጨጨብሳ፣
አንዱንም ሳይዘል፣ ትንፋሽ ሳይወስድ አነሣ።
"ከዚህ ውስጥ ያለውስ?" ብለን ስንጠይቀው
"ፓስታ በአትክልት" አለ፤ "ሌላው ያለቀ ነው።"
ፓስታው መጣ። ከጎኑ አራት ሹካ፤ አራት!
ወርቅነህ የራሱን ሳመው፣ ሳቅ ሆነ የኛ ራት።
ዳቦውን ግን አስከፈሉን፣ ያልጠየቅነውን፤
ሂሳቡም በላብን የሦስት ቀን ገበያችንን።

ያ የምንቆጥበው ቀን በዚያው ቀረ፣ አልመጣም፤
እሑድ ጧት ዕቃ ስንሸክፍ ማንም አላነሣም።
ቁም ሣጥኑን ጠረግሁ፣ ጨውን በቦታው መለስሁ፣
ግማሽ ሊትር ዘይት፣ የሽሮ ትራፊ ጨመርሁ፣
አንዲቱን የክብሪት እንጨት ከነቤቷ ተውሁ።
ከአዴ ነጂማም ሽንኩርት ሁለቱን
(ሦስተኛዋን በልተናታል፤ ወይ ሌላዋን ነው፤
ሽንኩርትን ከሽንኩርት የሚለየው ማነው?)
ከዚያ "አንዴ ጠብቁኝ" ብዬ ሱቅ ደርሼ
አራተኛ ማንኪያ መሳቢያው ውስጥ ጣልሁ ተመልሼ።
ዋጋውን አልጻፍሁም።

አውቶቡሱ ላይ ደብተሩን ዙበይዳ ተቀብላ
ደመረች፣ ሰኮሩ እስክንደርስ፣ ምሳዋን ሳትበላ።
"ሠላሳ ብር ጎደለ! ገንዘብ ያዥ፣ የት ገባ?"
ተኛሁ። የነቃሁት ስንደርስ ነው፣ አዲስ አበባ።